ቁጥሩ ወረደ፣ ህመሙ ግን አልወረደም፦ ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር የምትኖር የአንዲት የአዳማ ሹሩባ ሠሪ ጉዳይ

ወደ እኔ፣ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የላካት የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ነው። የደም ምርመራዋ ተሻሽሏል። ያበጡት አንጓዎቿ ጎድለዋል። እሷ ግን ህመምሽ ከ10 ስንት ነው ስትባል አሁንም «8» ትላለች። ሐኪሙ ከወረቀቱ ግርጌ «መድኃኒት ልጨምር ወይስ ሌላ ነገር አለ?» ብሎ ጽፏል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሐኪም በማግኘቷ ዕድለኛ ናት። ብዙ ጊዜ ወይ መድኃኒት ይጨመራል፣ ወይ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ሰው ይሸኛል።

ስሟን አልጠቅስም። ሰው እንዳይለያት አንዳንድ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ታሪኩ እንዲጻፍ የፈቀደችው ራሷ ናት። «እንደ እኔ ብቻዋን የምትቃጠል ካለች ታንብበው» ነው ያለችኝ።

41 ዓመቷ ነው። አዳማ ውስጥ ትንሽ ጸጉር ቤት አላት። ሹሩባ ትሠራለች፣ በተለይ ቀጫጭኑን፣ አልባሶም። ባሏ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሄዶ ብዙ ቀን ይቆያል። አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰች ሴት ልጅና ገና ትምህርት የጀመረ ወንድ ልጅ አላቸው።

ህመሙ የጀመራት በሁለቱም እጆቿ፣ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት አንጓ ላይ ነው። ሹሩባ ሠሪ የምትኖርባቸው ጣቶች እነዚህ ናቸው። ጠዋት ስትነሳ እጇ ድርቅ ይላል። ለመላላት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የልጇን ዩኒፎርም ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት እህቱ እንድትቆልፍለት ትጠራት ነበር። ጎረቤት «ብርድ መቶሽ ነው» አላት፣ በአዳማ ሙቀት። አንድ ክሊኒክ «ሪህ ነው» ብሎ ሥጋ አስተዋት፤ ለወራት በዓል ሲመጣ እንኳ አልቀመሰችም። ሌላ ቦታ ደግሞ «ምንም የለብሽም፣ አታካብጂ» ተባለች። ከዚያ ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ መርፌ። ከዚያ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ ፕሬድኒሶሎን፣ እብጠት የሚያበርድ የስቴሮይድ ክኒን። እሱ ህመሙን ቀጥ አደረገላት፣ ፊቷንም አሳበጠው። እና ሰው ሁሉ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ይላት ጀመር።

ይህን ስትነግረኝ ነበር መጀመሪያ ያለቀሰችው። «ሌሊቱን ሙሉ ስቃትት አድሬ ጠዋት 'አማረብሽ' ይሉኛል። ታመምኩ ብዬ ለማን ልናገር?» አለች። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አለመታመን ራሱን የቻለ ቁስል ነው። የማይታመን ሰው ህመሙን ለማስረዳት ሲል ሁልጊዜ ያዳምጠዋል፣ ይቆጥረዋል፣ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን ዘዴ ማስተማር አልነበረም። ህመሙ የምር መሆኑን አምኜ መስማት ነበር። «እብድ ነኝ እንዴ ወደዚህ የተላኩት?» ብላ ነው የገባችው። አይደለሽም አልኳት። እጅሽም የምር ታሟል፣ ኑሮሽም የምር ከብዷል፣ ሁለቱንም እናያለን ተባባልን።

ትክክለኛው ስም የተገኘው አዲስ አበባ ነው፣ ህመሙ ከጀመራት ከሁለት ዓመት በኋላ። የመገጣጠሚያ በሽታ ስፔሻሊስት በአገራችን በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ይህ መዘግየት የእሷ ብቻ አይደለም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። አንድ ወንድ ሲይዝ ሁለት ወይም ሦስት ሴቶችን ይይዛል። ጭንቀት አያመጣውም፣ እርግማንም አያመጣውም። ይህን ጥቃት የሚያበርድ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ታዘዘላት፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር።

መድኃኒቱን ስትገዛ አንድ ሰው «ይሄ እኮ የካንሰር ነው» አላት። በቃ፣ አቆመችው። ለማንም አልነገረችም። «ካንሰር ኖሮብኝ ደብቀውኝ ነው» ብላ ስታስብ ከረመች። እውነቱ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ለካንሰርም ይሰጣል፣ ግን በብዙ እጥፍ በሚበልጥ መጠን። ለመገጣጠሚያው የሚሰጠው በሳምንት ከ7.5 እስከ 25 ሚሊግራም ነው፣ ጉበትና ደም በየጊዜው እየተመረመረ። ለመሥራትም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ይህን አምስት ደቂቃ ወስዶ ያስረዳት አልነበረም። በሽታው አገርሽቶ ከተኛች በኋላ ነው ሐኪሟ ቁጭ አድርጎ ያስረዳት። አሁን እሁድ ማታ ትወስደዋለች። በየቀኑ በስህተት መውሰድ ሰው ሊገድል ስለሚችል ቀኑን ልጇም ታውቃለች።

አሁን ወደ ሐኪሙ ጥያቄ ልመለስ። የዚህ በሽታ ጉልበት የሚለካው ብዙ ጊዜ ዳስ28 በሚባል መለኪያ ነው። 28 መገጣጠሚያዎች ይነካሉ። ስንቱ አብጧል፣ ስንቱ ሲነካ ያማል ተብሎ ይቆጠራል። ሦስተኛው ሰውነት ውስጥ ያለውን ብግነት የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው፣ ኢኤስአር ወይም ሲአርፒ የሚባለው። አራተኛው ታካሚው ራሱ «በአጠቃላይ እንዲህ ነኝ» ብሎ የሚሰጠው ነጥብ ነው። ከአራቱ ሁለቱ የቆሙት በታካሚው ስሜት ላይ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው እነዚህ ሁለቱ ከፍ ይሉበታል። አልዋሸም፣ የሚሰማው እንደዚያ ነው። ስሌቱ ግን «በሽታው ገና አልበረደም» ይላል፣ መድኃኒትም ይጨመራል። የእሷ ያበጡት መገጣጠሚያዎች ሁለት ሲሆኑ ሲነኩ የሚያሙት አሥራ ሦስት ነበሩ። ልዩነቱ ውስጥ ነው እኛ የሠራነው።

የድብርት መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን፣ አብረን ሞላን። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ እስከ 27 ይደርሳል፣ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ልብ ይባላል። 14 አመጣች። የሚያስደንቅ አይደለም። በፈረንጆቹ 2013 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ በዚሁ መጠይቅ ሲለካ ከሩማቶይድ ታካሚዎች 38.8 በመቶው ላይ የድብርት ምልክት አግኝቷል። ከፊሉ ሰውነት ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው። መገጣጠሚያን የሚያሳብጡት እንደ ቲኤንኤፍና ኢንተርሊውኪን-6 ያሉ ንጥረ ነገሮች አንጎልም ላይ ይሠራሉ፤ ድካምና መጨፍገግ ያመጣሉ። ይህን ስትሰማ «ስንፍና አይደለማ?» አለች። ሰው ቤት ሄዳ ጀበና ማንሳት ስላቃታት፣ ለቅሶ ቤት ሽንኩርት መክተፍ ስለማትችል፣ ከእድሩም ከማኅበሩም ራሷን አግልላ ነበር። «እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት» መባልን ፈርታ።

ሁለት ትልልቅ ነገሮች አገኘን። አንደኛው ፍርሃት ነው። አክስቷ ጣቶቿ ወደ ጎን ተጣመው፣ በሰው እጅ እየጎረሰች ነው የሞተችው። ስለዚህ አንጓዋ በጠዘጠዛት ቁጥር እሷ የምታየው የአክስቷን እጅ ነው። «ይኸው፣ እጄ አለቀለት» ትላለች። ሐሳቡ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። እጄ አለቀ፣ ሥራዬ ቀረ፣ ልጆቼ ምን ይበላሉ፣ ባሌ ሌላ ያገባል። ይህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲሆን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። አክስቷ ግን ይህን መድኃኒት አላየችም። በዚህች ሴት ዕድሜ ሳለች ሜቶትሬክሴት አሜሪካ ውስጥ እንኳ ለዚህ በሽታ ገና አልተፈቀደም ነበር፤ የተፈቀደው በ1988 ነው። የአክስቷ ዕጣ የእሷ ዕጣ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው የሥራ አኳኋኗ ነው። ሲያማት ጸጉር ቤቱን ዘግታ ለቀናት ትተኛለች። ሻል ሲላት፣ በተለይ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የቀረባትን ለማካካስ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ትሠራለች። በማግስቱ እጇ አይታጠፍም። እንደገና መተኛት። መተኛቱ ጡንቻውን ያዳክመዋል፣ መገጣጠሚያውንም ያደርቀዋል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ትንሽ ሥራም ያማታል። እሷ ግን የምትደመድመው «ሥራ ነው የሚጎዳኝ» ብላ ነው።

ስለ ህመም ያስረዳኋት በራሷ ሙያ ነው።

«አጥብቀሽ ስትሠሪ ያማቸዋል?» አልኳት።

«ያማል እንጂ፣ ዶክተር። እንባዋ ዱብ ዱብ የሚል አለች።» (ዶክተር አይደለሁም ብዬ ነግሬያታለሁ፣ አልተወችውም።)

«ጭንቅላቷ ስለተጎዳ ነው?»

«ኧረ! ቆዳው ስለተወጠረ ነው። በሁለት ቀን ይላላል።»

«ሁሉንም እኩል ያማቸዋል?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «አያማቸውም» አለች። «ሙሽራ የፈለግኩትን ያህል ባጠብቅባት ትስቃለች። አንዴ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ከአርባው በኋላ የመጣች ነበረች። ሚዶውን ገና ሳስነካት አለቀሰች።»

ከዚህ በኋላ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። ሮናልድ መልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነው፦ ከእጅ የሚመጣው መልእክት አንጎል ከመድረሱ በፊት አከርካሪ ውስጥ በር አለ፤ ፍርሃት፣ ሐዘንና ድካም በሩን ይከፍቱታል፣ ደስታና እርጋታ ጠበብ ያደርጉታል። ሙሽራዋም ባል የሞተባትም የተሰማቸው የምር ነው። ማናቸውም አላስመሰሉም።

ግን እዚህ ጋ ጥንቃቄ አለ። የሩማቶይድ ህመም ሁሉ «ምንም አይደለም» አይባልም፤ እብጠቱ ካልታከመ አጥንት ይበላል። ስለዚህ ከሐኪሟ ጋር ሆነን መለያ አወጣንላት። ከሥራ በኋላ መጥቶ፣ ሳያብጥ፣ በማግስቱ የሚቀል ህመም የድካም ነው፤ አትፍሪው። አዲስ እብጠት፣ ሙቀት፣ ከወትሮው የረዘመ የጠዋት መድረቅ፣ ቀናት የሚቆይ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህ መለያ ወረቀት ላይ ተጽፎ ጸጉር ቤቷ መስታወት ጎን ተለጥፏል። ከሁሉም በላይ የረዳት ይህ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ህመም ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፣ ሁሉም የአክስቷን እጅ ያሳያት ነበር።

ሥራውን በሰዓት አደረግነው። ቢያማትም ባያማትም አርባ ደቂቃ ሠርታ አሥር ደቂቃ ታርፋለች። የሚያስቆማት ህመሙ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ተናደደች። «ደንበኛ አስቀምጬ ሻይ ልጠጣ?» አለች። ስልኳ ላይ ደወል ሞላን። ደንበኞቿ ለመዱት፤ እንዲያውም አንዷ ራሷ «ሰዓትሽ ደርሷል» ማለት ጀመረች። ቀጫጭኑን የምትሠራላት ወጣት ልጅ ቀጠረች። ባለቤቷ እሷ ራሷ ጸጉሩን ትከፍላለች፣ መስመሩን ታወጣለች፣ መጨረሻውን ታሳምራለች። የበዓል ሰሞን ቀጠሮም ከዋዜማው ሳምንት ቀድሞ እንዲጀምር ተደረገ። ባዶ ቀንም የለም፣ የሚገድል ቀንም የለም። ገቢዋ መጀመሪያ ቀንሶ ነበር። ኋላ ግን የምትዘጋባቸው ቀናት ስላነሱ ተመጣጠነ።

እንቅልፉ ረጅም ትግል ነበር። በፈረንጆቹ 2012 በታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት የሩማቶይድ ታካሚዎች የአንድ ሌሊት እንቅልፋቸው ከፊሉ ሲቀነስባቸው በማግስቱ ህመማቸውም ድካማቸውም ጨምሯል። እሷ ደግሞ ቀን ላይ ትተኛለች፣ አመሻሽ ላይ ሦስቱንም ቡና ትጠጣለች፣ ሌሊት ጣሪያ ታያለች። የቡናውን ሰዓት ወደ ጠዋት አመጣነው፣ ጎረቤትም ተስማማ። የቀን እንቅልፉ ቀረ። 9 ሰዓት ላይ ስትነቃ አልጋ ላይ ከሐሳቧ ጋር ከመታገል ተነስታ ትቀመጣለች፣ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፣ እንቅልፍ ሲመጣ ትመለሳለች።

ባሏ የመጣው ከጉዞ መልስ ነው። አቧራው ገና ከልብሱ ሳይረግፍ። በጣም ይወዳታል። ችግሩም እዚያው ውስጥ ነበር። ቤት ሲሆን «ተይ አትንኪ፣ ቁጭ በይ፣ ልጅቷ ትሥራው» ይላል። ልጅቷ ወጡን፣ ልብሱን፣ ወንድሟን ተሸከመች፣ ትምህርቷም ዝቅ አለ። እናት ይህን ስታይ በራሷ ላይ ትፈርዳለች። ባል ሸክም ያቃለለ መስሎት ሚስቱን ከገዛ ቤቷ ሥራ አስወጥቷት ነበር። «ተይ» የሚለውን ትቶ «ምን ላግዝሽ?» ብሎ እንዲጠይቅ ነገርኩት። ድስቱን እሱ ያወርዳል፣ ወጡን እሷ ትሠራለች። እሱ የሚያግዘው ከባዱን ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ወጣ። የመኝታው ነገር። እሷ ህመሙን ፈርታ ትሸሻለች፣ እሱ «ጠልታኛለች» ብሎ ያስባል፣ ሁለቱም ከአንድ ዓመት በላይ ዝም ብለዋል። ይህን ማንም ሐኪም ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ለወንድ ሐኪም አትናገርም። ሲነጋገሩበት እኔ ብዙ አልጨመርኩም። ለብ ያለ ውኃ፣ ህመሙ የሚቀልበት ሰዓት፣ የማያስጨንቅ አኳኋን፤ እነዚህ ቀላል ናቸው። ከባዱ መናገሩ ነበር።

ስለ እምነት ባጭሩ። ጠበል ትሄዳለች፤ አንዳንድ ሰው «በጠበልሽ እመኚ፣ ክኒኑን ተይ» ይላት ነበር። የነፍስ አባቷን እንድትጠይቅ ተስማማን። እሳቸው «ጠበልሽን ጠጪ፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ፣ ሁለቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው» አሏት። እኔ ይህን ብል ኖሮ ይህን ያህል ክብደት አይኖረውም ነበር። ሶደሬም ትሄዳለች። ፍል ውኃው መድረቁን ያላላላታል፣ ደስም ይላታል። በሽታውን ግን እንደማያቆመው ታውቃለች። ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት እጇን ሳፋ ውስጥ በሞቀ ውኃ ትነክራለች፣ ጣቷን እያጠፈች እየዘረጋች።

ሁሉም አልሠራም። ዓይን ጨፍኖ በጥልቀት መተንፈስ ለብዙዎች ይጠቅማል፤ እሷ ግን ዓይኗን ስትጨፍን ህመሙ ብቻ ይቀራታል። ተውነው። የህመም ማስታወሻ መያዝም እንዲሁ፤ በየሰዓቱ ቁጥር ስትጽፍ በየሰዓቱ ስታዳምጠው ዋለች። በምትኩ የሠራችውን ብቻ እንድትጽፍ አደረግን።

ከወራት በኋላ ያበጡት መገጣጠሚያዎች ያው ሁለት ናቸው። ሲነኩ የሚያሙት ወደ አምስት ወርደዋል። ህመሟን 5 ትላለች፣ አንዳንድ ቀን 4። ፒኤችኪው-9 ላይ 6 አመጣች። ሐኪሟ መድኃኒቱን መጨመር አላስፈለገውም። ወደ እድሩ ተመልሳለች። ለቅሶ ቤት ሽንኩርት አትከትፍም፤ እንግዳ ትቀበላለች፣ መዝገብ ትይዛለች።

ክረምት ላይ ግን አገረሸባት። የግራ እጇ አንጓ አበጠ፣ ሞቀ፣ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ድርቅ ይል ጀመር። ድሮ ቢሆን ከፋርማሲ ክኒን ገዝታ፣ ጸጉር ቤቱን ዘግታ ትተኛ ነበር። አሁን መስታወቱ ጎን ያለውን ወረቀት አይታ በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ጋ ሄደች። የሜቶትሬክሴቱ መጠን ያን ጊዜ ተጨመረ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ እብጠቱ የምር ነበር። «ፈርቼ ነበር» አለችኝ። «ግን 'አለቀልኝ' አላልኩም።»

ገና ያልተፈታ አለ። መድኃኒቱ አንዳንድ ወር ከገበያ ይጠፋል፤ ያኔ ባሏ ከሚያልፍባቸው ከተሞች ሁሉ ይፈልጋል። ፕሬድኒሶሎኑን በአንዴ ማቆም አደገኛ ስለሆነ በሐኪሟ ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየቀነሰች ነው። የባሏ ቤተሰቦችም አንድ ልጅ ድገሙ እያሉ ነው። ሜቶትሬክሴት ጽንስን ስለሚጎዳ፣ ይህ ከተፈለገ አስቀድሞ በሐኪም መቆምና መተካት አለበት። ባልና ሚስቱ ስለዚህ ጉዳይ አብረው የሐኪም ቀጠሮ ይዘዋል፣ እሱ ከጅቡቲ ሲመለስ።